«መስኮት ዳር» ከማለት በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከኮምቦልቻ ተነስተው በቦሌ በኩል ወደ ጂዳ ወይም ዱባይ የሚሻገሩ መንገደኞች ትኬት ሲቆርጡ «መስኮት ዳር ይሁንልኝ» ይላሉ። የየትኛው አውሮፕላን መስኮት? የወንበር ካርታ የሚፈለገው የአውሮፕላኑ ዓይነት ከታወቀ በኋላ ነው።

ዓይነቱ ትኬት ቆራጩ ኮምፒውተር ላይ ከበረራው ጋር በአጭር ኮድ ይታያል። 738 ቦይንግ 737-800፣ 788 ደግሞ 787-8 ነው፤ 359 ኤርባስ ኤ350-900 ነው። የታተመው ወረቀት ላይ ከሌለ በእስክርቢቶ ያስጽፉት። የደሴና የኮምቦልቻ ትኬት ቢሮዎች ሳይጠየቁ ቢጽፉት ምን ይጎዳቸዋል?

ለኮምቦልቻ መስመር የተለመደው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ኪው400 በግራ 2፣ በቀኝ 2 ወንበር ስላለው መሃል የሚጣበቅ የለም። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ መሬቱ ቁልቁል ይታያል፤ ፕሮፔለሩ ትይዩ ያሉት ረድፎች ግን ጩኸትና ንዝረት ይበዛባቸዋል። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ ፀሐይ በግራ ነው። የአፋር ቆላም በዚያው በኩል ስለሆነ፣ ማየት የፈለገ ፀሐዩን ይችላል።

737-800 ላይ ከክንፉ ፊት በግራ በኩል አንድ ረድፍ አለ፤ ግድግዳው ውስጥ የኤር ኮንዲሽን ቱቦ ስለሚያልፍ መስኮት የለውም። ካርታው ግን «መስኮት ዳር» ብሎ ያሳየዋል። እንዲህ ያለውን ጉድ ለማወቅ ኤሮሎፓ የተሰኘው ድረ ገጽ ጥሩ ነው፤ አውሮፕላኑን ከነመስኮቶቹ ይስለዋል። ሲትጉሩ ከተባለው ሌላ የወንበር ካርታ ድረ ገጽ የተወሰደ የቆየ ካርታ ይዞ መሟገት ግን አያዋጣም፤ ለዓመታት ሳይታደስ ቆይቷል።

ወንበር ለመምረጥ የአየር መንገዱ ገጽ ባለ 6 ሆሄ የማስያዣ ኮድና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የሚጻፈው ትኬቱ ላይ ከእዝባሩ በፊት ያለው ስም ነው። ካርታው ላይ የተዘጋ ወንበር ሁሉ ሰው ይዞታል ማለት አይደለም፤ ኤርፖርት ላይ ለሕፃን ያዥ ወይም ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጥ ይኖርበታል። ክፍት የሚታየውም በረራው ባዶ ነው አያሰኝም፤ ገና ያልመረጡ አሉ።

እስከ ቦሌ የመረጡት ወንበር ከቦሌ ወዲያ አይሠራም፤ ለየበረራው ለብቻ ይመረጣል። አውሮፕላኑ ከተቀየረ ደግሞ የተመረጠው ሊጠፋ ስለሚችል ከመነሻው አንድ ቀን በፊት ገጹን እንደገና ከፍቶ ማየት ነው።

ከትኬት ሠራተኞች፣ ደሴ