የማልታ ጉዟችን ለምን ተቀየረ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ባለፈው ነሐሴ ከእኛ ጋር ወደ ማልታ ተጉዛችሁ ስትመለሱ የነገራችሁንን ቅሬታ አንድ በአንድ ጽፈን ይዘናል። ከሁሉም ከጆሯችን ያልወጣው አንዲት እናት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተናገሩት ነው፦ «ልጆቼ፣ ደሴቱን አላየሁም፤ ያየሁት የአውቶቡሱን መስኮት ነው።» እውነታቸውን ነበር። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው መርሐ ግብሩን እንደ ቀየርን ለማስታወቅ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደ ቀየርነው ለማስረዳት ነው።

ጥፋቱ የእኛ ነው። የአገሩ ደሴቶች ማልታ፣ ጎዞና ኮሚኖ ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣቸዋለች። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን «በአራት ቀን ይዳረሳል» ያልነው በዚህ ተታለን ነው። አገሩ ትንሽ ከሆነ መንገዱም ጠባብ መሆኑን፣ በነሐሴ ደግሞ ግማሽ አውሮፓ እዚያው እንደሚሰፍር አላሰብንም።

ሁለተኛው ጥፋት ያሳፍራል። በማስታወቂያ ወረቀታችን ላይ ከባሕር ወጥቶ የቆመ ትልቅ የድንጋይ ቅስት ፎቶግራፍ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ እርሱን አይታችሁ ነው የተመዘገባችሁት። ያ በጎዞ ምዕራባዊ ዳርቻ የነበረው ቅስት እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2017 በማዕበል ተመትቶ ባሕር ውስጥ ወድቋል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎቶግራፉን ከአሮጌ ወረቀት ላይ ሳናጣራ ወስደነው ነበር። አስጎብኚው ባዶውን ባሕር እያሳየ «እዚህ ጋ ነበረ» ሲል የሳቃችሁትንም የተቆጣችሁትንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሦስተኛው የጊዜ ነገር ነው። ጉዞውን በፍልሰታ ጾም ላይ ጣልነው። ማልታዎች የእመቤታችንን የዕርገት በዓል የሚያከብሩት ኦገስት 15 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 9 ነው። እነርሱ ርችት እየተኮሱ በየአደባባዩ ጣፋጭ ሲበሉ የእኛ ሰው ገና ሰባት ቀን ይቀረው ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ የምንጓዘው በግንቦት መጀመሪያና በጥቅምት ነው። የግንቦቱ ከበዓለ ሃምሳ በፊት ስለሚውል ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ለጥቅምት ተጓዦች ግን የጾም ምግብ አጥንተናል፦ ቢጊላ የሚሉት ባቄላ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት ተለውሶ ይቀርባል። ሹሮ የለመደ ሰው አይቸገርበትም። በየመንገዱ የሚሸጠው የአተር ሳምቡሳ መሳይ ፓስቲዚ ግን ሊጡ ሞራ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቃችሁ ግዙ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየንስሐ አባታችሁ ትተናል፤ በእኛ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክራችሁበት አልተፈታምና።

አሁን ወደ አዲሱ መርሐ ግብር። ሰባት ቀን ነው፤ ሦስት ሌሊት ዋና ከተማዋ ቫሌታ፣ ሦስት ሌሊት ጎዞ። ቫሌታን ቀድሞ በአንድ ጠዋት ጨረስናት ብለን ነበር። ከተማዋ በ1565 ከኦቶማን ጦር ከበባ የተረፉት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች (ደሴቱን ይገዙ የነበሩ የካቶሊክ መነኮሳት ወታደሮች) በማግስቱ ዓመት በ1566 የመሠረቷት ምሽግ ናት። ጎዳናዎቿ በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባሕር ያሳያሉ፤ ብዙዎቹ ግን በደረጃ ነው የሚወጡት። ጉልበታችሁን ለሚያማችሁ ታላላቆቻችን ከወደቡ ወደ ላይኛው የአትክልት ቦታ የሚያወጣ 58 ሜትር የሚሆን አሳንሰር አለ፤ መንገዳችንን በእርሱ በኩል አድርገነዋል። ከዚያ ላይ ሆናችሁ ቀትር ላይ የሚተኮሰውን መድፍ ታያላችሁ። ልብ ድካም ያለበት ሰው ቀድሞ ይወቀው።

በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ከአንድ ሰዓት በላይ እንቆያለን። ወለሉ በሙሉ የፈረሰኞቹ መቃብር ነው፤ በቀለም በቀለሙ እብነ በረድ የተሠሩ ወደ 400 የሚጠጉ የመቃብር ድንጋዮች ላይ ነው የምትራመዱት፤ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ የሚከለከለውም ለዚሁ ነው። ትከሻም መሸፈን አለበት፤ ነጠላ የያዘች ሴት በር ላይ አትጠየቅም። በጸሎት ክፍሉ ውስጥ ጣሊያናዊው ካራቫጆ በ1608 የሳለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ ተሰቅሏል። ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት ብቸኛ ሥዕል ይህ ሲሆን የጻፈውም ከቅዱሱ አንገት በፈሰሰው ደም ውስጥ ነው። አዲስ ዓመትን «ቅዱስ ዮሐንስ» እያለ ላደገ ሰው ይህን ሥዕል በሩጫ ማሳየት በደል ነበር።

ከዚያ ምዲና። የቀድሞዋ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟም እኛ «መዲና» የምንለው ያው ቃል ነው። በግንብ ውስጥ የሚኖሩት ከ300 ሰው አይበልጡም፤ መኪናም ከነዋሪዎቹ በቀር እንደ ልቡ አይገባም። ባለፈው ጊዜ በእኩለ ቀን ከሌሎች አሥር አውቶቡሶች ጋር ስላስገባናችሁ «ፀጥተኛዋ ከተማ» የሚለው ቅጽል ቀልድ መስሏችኋል። አሁን የምንሄደው አመሻሽ ላይ ነው። የቀን ጎብኚው ሲመለስ የእግራችሁን ኮቴ ትሰማላችሁ። ከግንቡ ውጪ ባለችው ራባት ቅዱስ ጳውሎስ ኖረበት የሚባለው ዋሻ አለ።

ስለ ጳውሎስ ካነሣን አይቀር፣ ማልታ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መላጥያ» የተባለችው ደሴት ናት። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው 276 ነፍስ የጫነ መርከብ በማዕበል ተሰብሮ ሁሉም በሕይወት ወደ ምድሯ ወጡ፤ የአገሩም ሰው በዝናብና በብርድ እሳት አንድዶ ተቀበላቸው። ማልታዎች ይህን ቀን ፌብሩዋሪ 10 አሁንም በታላቅ በዓል ያከብሩታል። ይህን የምናነሣው ለስብከት አይደለም። ባለፈው ጊዜ የኮሚኖው ጀልባ በነፋስ ምክንያት ሲቀር «ገንዘባችንን ለማስቀረት ነው» ያላችሁን ስላላችሁ ነው። በዚያ ባሕር ፀሐይ እየበራም ነፋስ ይነሣል፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን «ግሪጋል» ብለው በስም ይጠሩታል፤ እርሱ ከተነሣ ካፒቴኑ አይወጣም። ከእንግዲህ የጀልባ ጉዞን በአንድ ቀን ላይ አንቸክልም፤ ሁለት አማራጭ ቀን ይዘናል፤ ሁለቱም ካልሆኑ የጀልባው ክፍያ ይመለስላችኋል። ወደ ኮሚኖው ሰማያዊ ባሕር ለመግባት አሁን ቀድሞ መመዝገብ ስለሚያስፈልግ እርሱን እኛ እንጨርሳለን። የምንሄደውም በማለዳ ነው።

ጎዞ ላይ የምናድረው የቀን እንግዳው በመጨረሻው መርከብ ሲመለስ ደሴቲቱ ለባለቤቶቿ ስለምትመለስ ነው። በመካከሏ ያለውን ምሽግ ምሽት ላይ እንወጣለን። በ1551 የኦቶማን መርከቦች መጥተው ምሽጉ ሲወድቅ፣ ወደ 5,000 የሚጠጋው ነዋሪ ከጥቂቶች በቀር ለባርነት ተወሰደ። በማግስቱ ጂጋንቲያን እናያለን፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3600 ዓመት ገደማ የተጀመሩ፣ ከጊዛ ፒራሚዶች የሚቀድሙ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ናቸው። የአገሩ ሰው ድንጋዮቹን የተሸከመችው ባቄላና ማር ብቻ የምትበላ ግዙፍ ሴት ናት ይላል። ጾመኛ መሆኗ ነው እንግዲህ። ከሰሜኑ ዳርቻ ከአለት የተፈለፈሉ የጨው ገበታዎች አሉ፤ የባሕሩ ውሃ በፀሐይ ደርቆ የሚቀረውን ጨው ቤተሰቦች እስካሁን በመጥረጊያ ይሰበስባሉ። እዚያ ለመዋኘትም ለመቀመጥም ግማሽ ቀን ሰጥተናል፤ ምንም ፕሮግራም የለውም፤ አትጠይቁን።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር። ማልትኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ጆሯችሁ ይታለላል። በማርሳሽሎክ የእሑድ ገበያ አንድ ደንበኛችን ሻጩ ለፊተኛው ገዢ «ሐምሳ» ሲል ሰምተው የማሩን ጠርሙስ በድንጋጤ መልሰው አስቀመጡ። ሐምሳ በማልትኛ አምስት ነው። «ኤርባ» አራት፣ «ሰባ» ደግሞ ሰባት። እዚያ ቁጥር በሰማችሁ ጊዜ አንድ ዜሮ አንሡ። እንግሊዝኛም የሥራ ቋንቋቸው ስለሆነ መጠየቅ አያስቸግርም።

ቡድኑን ከ24 ወደ 10 ሰው አውርደነዋል። ምክንያቱ ፓውላ በምትባል ከተማ ያለው የምድር ውስጥ መቃብር፣ ሃይፖጂየም፣ በአንድ ዙር ከ10 ሰው በላይ አያስገባም፤ ቲኬቱም ሳምንታት አስቀድሞ ያልቃል። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አይፈቀድላቸውም። ሰው ሲያንስ ዋጋው መጨመሩ አልቀረም፤ አዲሱ ዋጋ ከነዝርዝሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከሌሎች የሸንገን አገሮች የምትመጡ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ፓስፖርቱም አብሮ መያዝ አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ከእንግሊዝ፣ ከእስራኤል ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትነሡ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮውን ዛሬውኑ ያዙ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ የእንግሊዞቹ ባለ ሦስት ጥርስ ነው። መኪናም በግራ ስለሚሄድ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ።

በቀድሞው መርሐ ግብር ቀብድ ከፍላችሁ አዲሱን ያልወደዳችሁት ካላችሁ እስከ የካቲት 30 አሳውቁን፤ ቀብዱን ሳንቀንስ እንመልሳለን። ለዚያች እናት ግን ከመጀመሪያው ቡድን አንድ ቦታ ይዘንላቸዋል፤ የጉዞውንም ወጪ እኛ እንሸፍናለን። እስካሁን መልስ አልሰጡንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ዝግጅት ክፍል