አሮጌው ነጠላ

ውዴ፣

ሰባት ወር ሙሉ ስልክሽን ሳላነሳ ቀረሁ። ተቀይሜሽ አይደለም። "እንዴት ነሽ?" ስትይኝ "ደህና ነኝ" እያልኩ መዋሸት ሰልችቶኝ ነው።

የጡቴን ካንሰር ነገር ከእህቴ ሰምተሻል። ቀዶ ሕክምናውም፣ ኬሞ የሚሉት መድኃኒትም አለፈ። ከዚያ የጨረር ሕክምና ታዘዘልኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን አንዴ፣ በድምሩ 15 ጊዜ። ማሽኑ ስር የምተኛው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ምንም አያምም።

የመጨረሻው ቀን ቤት ስገባ ቡና ተፈላ፣ እልል ተባለ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንቱ ቆዳዬ ጠቆረ፤ ብብቴ ስር ተላጠ። አንዷ ጎረቤት ቅቤ ተቀቢ ትላለች፣ ሌላዋ ማር። ሐኪሟ ግን ቀድማ ነግራኛለች፤ ጨረሩ ካለቀ በኋላም ቆዳው ለአንድ ሁለት ሳምንት ሊብስበት ይችላል። ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቤ፣ ሳላሽ፣ በፎጣ መታ መታ አድርጌ አደርቃለሁ። ጡት መያዣ የማይታሰብ ነው። የእናቴን አሮጌ ነጠላ አጥፌ ብብቴ ስር አደረግሁ። ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፣ ጥለቱም ደብዝዟል። ሳያሳምመኝ ገላዬን የነካው ልብስ እሱ ብቻ ነበር።

ድካሙንስ እንዴት ልንገርሽ? ተኝቼ ደክሞኝ እነሳለሁ። ሽንኩርት መክተፍ ጀምሬ ግማሽ ላይ እተወዋለሁ። የሚገርምሽ፣ ከመተኛት ይልቅ የረዳኝ መራመድ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ደረቴን ሸፍኜ፣ እስከ ሱቁ ደርሼ እመለሳለሁ። ክንዴንም ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ እያስኬድኩ አፍታታዋለሁ። ትናንት ከላይኛው መደርደሪያ ብርጭቆ አወረድኩ! የንስሐ አባቴ እንዳልጾም ስለፈቀዱልኝ ውሎዬ ከእንቁላልና ከአጥሚት ጋር ነው። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ ቶሎ ነይ ተብያለሁ።

ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ዘመዳችን ሕፃኗን ከጭኔ ላይ ብድግ አድርጋ "ጨረሩ እንዳይነካው" አለች። እንደኔ በማሽን ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀር፣ ወደ ሰው አይተላለፍ! መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣልኝም። ይኸው ላንቺ ጻፍኩት።

በእህቴ በኩል የላክሽልኝ ሎሽን ሽቶ ስላለው ለራሷ ሰጠኋት፣ አትቀየሚኝ። ስትመጪ ሽቦ የሌለው የጥጥ ጡት መያዣ አምጪልኝ። ልኬ ተቀይሯል። ደውዪና እነግርሻለሁ፤ አሁን አነሳለሁ።