ብዙ በረዶ ወረደ ማለት መንገዱ ጠነከረ ማለት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በካናዳ፣ በሰሜን ኦንታሪዮና በሰሜን ማኒቶባ፣ ሐይቁ፣ ወንዙና ረግረጉ በብርድ ሲረጋ በላዩ ስለሚሠሩት የብርድ ወራት መንገዶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ርእሱን ማንሳታችሁ ደግ ነው። «ዘንድሮ በረዶ በብዛት ስለወረደ መንገዱ ይጠነክራል» የሚለው ግን ነገሩን ገልብጦታል።

ስሕተቱ ከቋንቋችን ሳይመጣ አይቀርም፤ ከሰማይ የሚወርደውንም ሐይቅ ላይ የሚረጋውንም በረዶ ነው የምንለው። እኔ የሚወርደውን አመዳይ፣ የረጋውን ውሃ በረዶ እያልኩ ልለያቸው። አመዳይ ለሐይቁ ጋቢው ነው። ብርዱን ይከላከልለታል፣ በረዶውም ሳይወፍር ይቀራል። ገና ስስ በሆነ በረዶ ላይ ብዙ አመዳይ ሲጫንበት ደግሞ በረዶው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ውሃ በስንጥቁ ይወጣና ከአመዳዩ ጋር ይላቆጣል። ያ ልቁጥ ሲረጋ ነጭ በረዶ ይሆናል። ውስጡ አየር ስላለበት ውፍረቱ በግማሽ ብቻ ይቆጠራል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በሴንቲሜትር የተለካውን ውፍረት በራሱ አባዝቶ ውጤቱን እንደገና በ4 ማባዛት ነው፤ የሚገኘው በረዶው የሚችለው ክብደት በኪሎ ነው። 50 ሴንቲሜትር ጥርት ያለ በረዶ 10,000 ኪሎ ይችላል። ከ50ው ላይ 20ው ነጭ ከሆነ 20ው እንደ 10 ስለሚቆጠር የሚሰላው በ40 ነው፤ 6,400 ኪሎ። ሜትሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም «50 ነው» ብሎ ያልፋል።

አሁን ይህንን ወደ ከባድ መኪና እናምጣው። 100 ሴንቲሜትር ጥሩ በረዶ 40 ቶን ይሸከማል። መኪናው ባዶውን 16 ቶን ከመዘነ 24 ቶን ጭኖ ይገባል። በረዶው 80 ላይ ከቆመ ግን ጠቅላላው 25.6 ቶን ነው፤ ለጭነት የሚተርፈው 9.6 ቶን። የጎደለው አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ በረዶ ነው፣ የሚጫነው ናፍጣ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ቀድሞ በአንድ ጊዜ ይደርስ የነበረው ሁለት ጉዞ ተኩል ይጠይቃል፤ ያውም መንገዱ ክፍት የሚሆንበት ቀን ባነሰበት ዓመት። «መንገዱ ተከፍቷል» የሚል ዜና ስትሠሩ ለስንት ቶን እንደተከፈተ ጠይቁ።

መንገዱ በራሱ የሚመጣም አይደለም። በረዶው ሰው እንደቻለ በየመንገዱ እየተሰረሰረ ይለካል፣ ከዚያ አመዳዩ በበረዶ ሞተር ይረገጣል፤ የተረገጠ አመዳይ ብርድ ያስገባል። በረዶው ሲጨምር ከባድ የሰንሰለት ማሽን ይገባና ይጠርጋል። የሚጠረገው ሰፋ ተደርጎ ነው፣ 30 ሜትር ገደማ። ጠባብ ከሆነ በዳርና ዳር የሚቆለለው አመዳይ በረዶውን በክብደቱ ይሰብረዋል፣ ሥሩንም ያሳሳዋል። ለማወፈር ከታች ውሃ በፓምፕ እየተሳበ በስሱ ይፈስበታል። ቸኩሎ አንዱ ሳይረጋ ሌላውን የደረበ ሰው መሐሉ ላይ ውሃ አፍኖ ያስቀራል። በየብሱ በኩል፣ ረግረጉ ላይ፣ አመዳይ በተቃራኒው ይፈለጋል፤ እሱም ቢሆን ጉድጓዱን የሚሞላውና ረግረጉ እንዲረጋ የሚረዳው ሲረገጥ ነው።

ጽሑፉ «ቀይ ሕንዶች» ያላቸው የአካባቢው ነባር ሰዎች ስም አላቸው፤ ክሪ፣ ኦጂብዌና ሌሎችም ናቸው። ኦጂብዌዎች ራሳቸውን አኒሺናቤ ይላሉ። በጄምስ ቤይ ዳር ያሉት ክሪዎች ደግሞ ሙሽኬጎዉክ ይባላሉ፣ የረግረግ ሰዎች እንደማለት ነው። አታዋፒስካት፣ ፎርት አልባኒና ካሼቼዋን ከባቡሩ መጨረሻ ከሙሶኒ ጋር በመኪና የሚገናኙት በዚሁ የብርድ መንገድ ነው። ነዳጅ፣ የቤት መሥሪያ እንጨትና ከባድ ዕቃ የሚገባውም ያኔ ነው፤ ያመለጠው በአውሮፕላን ይመጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024፣ 49 ማኅበረሰቦችን ያቀፈው የኒሽናውቤ አስኪ ኔሽን መሪዎች በእነዚህ መንገዶች ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ማወጃቸው ያለ ነገር አልነበረም።

መፍትሔውን በተመለከተ ጽሑፉ «ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ይሠራ» ብሎ ያበቃል። ትክክል ነው፣ ከዊኒፔግ ሐይቅ በስተምሥራቅ እስከ በረንስ ሪቨር ድረስ እንዲህ ያለ መንገድ ገብቷል። ነገር ግን እሱ እስኪደርስ ዝም ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። መጨረሻ የሚረጋው፣ መጀመሪያም የሚቀልጠው ብዙውን ጊዜ የወንዝ መሻገሪያው ነው፤ ውሃው ስለሚሮጥ በረዶውን ከሥር ይበላዋል። መሻገሪያዎቹ ላይ ቋሚ ድልድይ መጣልና ሐይቅ የሚያቋርጠውን መሥመር ወደ የብስ ማዞር ቀድሞ ሊሠራ የሚችል ነው። ገንዘብ ሲመደብ የሚጠየቀው ጥያቄም ይኸው ቢሆን እመርጣለሁ፦ ስንት ድልድይ?

በመጨረሻ፣ ጽሑፉን አንብበው ሥራው ላጓጓቸው ሾፌሮቻችን። ጭነት የያዘ መኪና በረዶ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያልፍም፣ ዳር ሲቃረብ ወደ 10 ይወርዳል። መኪናው ከበረዶው ሥር ማዕበል እየገፋ ነው የሚሄደው፤ ማዕበሉ ከዳር ተመልሶ ሲመጣ በረዶውን ይሰነጥቀዋል። ቀበቶ ይፈታል፣ መስኮት ይከፈታል። ተጠግቶ መከተል የለም። መቆምም የለም፤ ሲጓዝ የቻለው በረዶ የቆመ መኪና ሥር ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ ውሃም ይወጣበታል። ሻይ የሚጠጣው የብስ ላይ ከወጡ በኋላ ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከዊኒፔግ