የሶፍትዌር ሻጮች የመግቢያ ገጽ ለገዢው ጥያቄ ይመልስ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በፒያሳና በቸርችል ጎዳና ለሚገኙ ሱቆች ሒሳብ የምይዝ ባለሙያ ነኝ። ደንበኞቼ የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እንዳፈላልግላቸው ሲጠይቁኝ የአገር ውስጥ ድርጅቶችን ድረ ገጽ አብረን እናያለን፤ ጥሩ ፕሮግራም የሠሩ ወጣቶች በመግቢያ ገጻቸው ድክመት ገዢ ሲያጡ ማየት ስላሳዘነኝ ይህን ጻፍኩ።

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው በመስታወት ሕንጻ ውስጥ የሚጨባበጡ የውጭ ሰዎች ፎቶግራፍና «የዲጂታል ለውጥ አጋርዎ» የሚል ርእስ ነው። ይህ ርእስ ለባንክም ለኮምፒውተር ሻጭም ስለሚስማማ ባለሱቁ ምን እንደቀረበለት አያውቅም። በምትኩ «የሱቅዎን ዕቃ፣ ሽያጭና ቫት በስልክዎ ይመዝግቡ» ተብሎ ከሥሩ የፕሮግራሙ ትክክለኛ ገጽታ ቢታይ ግን የራሱን ሥራ ወዲያው ያገኘዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የገጹ ክብደት ነው። ብዙዎቹ የአማርኛውን ጽሑፍ ከፎቶግራፍ ጋር አጣብቀው በምስል ያስቀምጡታል። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ዩኒኮድ በፋይል በሚቀመጥበት በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ብቻ ይይዛል፤ አንድ ሺሕ ፊደል 3 ኪሎባይት ገደማ ማለት ነው። አንድ ሜጋባይት የሚመዝን ምስል ከዚህ በሦስት መቶ እጥፍ ይበልጣል፤ በላዩ ያለውንም ጽሑፍ የዓይነ ስውራን ማንበቢያ ፕሮግራም በቀላሉ አያነበውም። ጉግል ከአራት ጉብኝቶች ቢያንስ በሦስቱ የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ገንቢው በቢሮው ዋይፋይ በሰፊ ስክሪን የሚያየውን ገጽ፣ ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ፣ ደንበኛ እያስተናገደ፣ በሞባይል ዳታ እንደሚከፍተው መታሰብ አለበት።

ዋጋም አይጻፍም። እንደ ሱቁ ስፋት ይለያያል ከተባለ መነሻው ስንት ብር እንደሆነ፣ ሥልጠናና ዓመታዊ ጥገና ለብቻ የሚከፈልባቸው መሆን አለመሆኑ ይገለጽ። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሽያጩ መመዝገቡ፣ ቢሮው በየትኛው ሕንጻ እንደሚገኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ችግር ቢፈጠር ማን ስልክ እንደሚያነሳ፦ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

የመመዝገቢያው ቅጽም ስም፣ ኢሜይል፣ የሠራተኛ ብዛትና ዓመታዊ ገቢ ሳይቀር ይጠይቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተወሰነ ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ስለሚፈልግ፣ መልሶ ለመደወል ስምና ስልክ ቁጥር በቂ ነው።

ማሻሻያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አምስት ሰዎችን መፈተን አብዛኛውን ችግር ያሳያል። ድርጅቶቹ ከፒያሳ ወይም ከሜክሲኮ አምስት ባለሱቆችን ጠይቀው፣ ገጹን በራሳቸው ስልክ ለጥቂት ሰከንድ ካሳዩአቸው በኋላ ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት ብር እንደሚሸጥና በየት እንደሚደወል ይጠይቋቸው። ገንቢው በዚያን ሰዓት ማብራሪያ ከመስጠት ተቆጥቦ ያደናገራቸውን ይመዝግብ፤ ካስተካከለ በኋላም ገጹን ላላዩ ሌሎች አምስት ሰዎች ያሳይ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ