የእማማ ፋይል ተከፈተ

ደሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሱቁም አለ። ፎቶ ኮፒውም፣ ጽሕፈቱም፣ ጥገናውም እንደ ድሮው ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ ጣቴን እያደነዘዘኝ ነው የምጽፍልህ።

ካወራን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እማማ ያረፉ ጊዜ ቀብር ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስም ከቤታችሁ አልጠፋሁም። ለአንተ ግን ሳልደውል ቀረሁ። መጀመሪያ ምን እንደምልህ አጣሁ። ከዚያ ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ። እፍረቱ በቆየ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በለኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ያ ጥቁሩ ላፕቶፕ ነው። በ2005 ስትሄድ ለእማማ የተውክላቸው። ባለፈው ወር የእህትህ ልጅ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ጋሼ፣ አይነሳም። ይሠራል ወይስ እንጣለው?» አለኝ። ክዳኑ ላይ እማማ የለጠፏት የማርያም ሥዕል አሁንም አለች። «ለጊዜው እዚህ ተወው» አልኩት።

ማብሪያውን ስጫነው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ከዚያ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ፎርማት ያደርጋል። እኔ ሱቅ የሚመጣውን ሁሉ እባካችሁ አትቸኩሉ እያልኩ የምለምነው ለዚህ ነው። ሊኑክስ ሚንት፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ነፃ ሲስተም፣ ያለበት ፍላሽ ሁልጊዜ ከመሳቢያዬ አይጠፋም። ከእሱ አስነሳሁት። እንዲህ ሲነሳ ሃርድ ዲስኩን አይነካም፤ የሚሠራው ከፍላሹና ከራሙ፣ ከጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዴስክቶፑ ቁልጭ ብሎ መጣ። ስለዚህ ስክሪኑም፣ ራሙም፣ ማዘርቦርዱም ደህና ናቸው ማለት ነው። ጥርጣሬው ዲስኩ ላይ ብቻ ቀረ።

የሲስተሙን ሎግ፣ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። አንድ ዓይነት መስመር ይደጋገማል፤ ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም ይላል። ሚንት ውስጥ ዲስክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚመዘግበውን ያሳይሃል። ገብቼ ሳየው የተበላሹት ቦታዎች በዝተዋል። እንዲህ ሲሆን ጥገና አይሞከርም፤ ያለው ነገር በቅድሚያ ይገለበጣል። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ የምታደርገው እያንዳንዱ ሙከራ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ መብራት ይሄድብኝ ይሆን እያልኩ ሌሊቱን አጠገቡ ተቀምጬ አደርኩ። አልሄደም። ሲነጋ ሁሉም ወጥቶልኝ ነበር፤ የልጆችህ ፎቶ፣ የእህትህ ሠርግ፣ ደግሞ «እማማ» የሚል ፎልደር። ስለ እሱ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ዲስኩን በ240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ፈጣን በሆነው አዲሱ ዓይነት ዲስክ፣ ቀየርኩት። አሁን የእህትህ ልጆች ይማሩበታል። ሚንትን ለምን እንደመረጥኩ ልንገርህ፤ ድሮ በዚህ ስንከራከር አመሻሽተን እናውቃለንና። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዴስክቶፕ ጫንኩ። ሚንት 22 ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። እኔ በየስድስት ወሩ ቤታቸው እየሄድኩ አዲስ ልጭንላቸው አልችልም። አዲስ ነገር መሞከር የምትወድ አንተ ነህ፤ ለልጆች ግን ዛሬ እንደሠራ ነገም የሚሠራ ነው የሚሻለው።

ዋይፋዩ ግን እምቢ አለኝ። ከፍላሹ ሲነሳም፣ ከተጫነ በኋላም ጭራሽ የለም። እዚህ ላይ ስህተት ሠራሁ። ማታ ነው፣ ደክሞኛል። ከኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸውን ሦስት መፍትሔዎች በአንድ ላይ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ ላይ አስገባኋቸው። አንዱ የተጻፈው ለድሮ ኡቡንቱ እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ ስከፍተው ዴስክቶፑም ጠፋ። የትኛው ትእዛዝ እንዳበላሸው ማወቅ አልቻልኩም፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ነበር ያስገባሁት።

ያዳነኝ ታይምሺፍት ነው። ገና እንደጫንኩት የሲስተሙን ቅጂ በእሱ አስቀምጬ ነበር። ፍላሹን ሰክቼ፣ ታይምሺፍትን ከፍቼ፣ ወደዚያች ሰዓት መለስኩት። ግን ልብ በል፤ ታይምሺፍት የሚያስቀምጠው ሲስተሙን ነው። ፎቶህንና ጽሑፍህን ካላዘዝከው አይዝም። እነሱን ለብቻ ውጭ ዲስክ ላይ መገልበጥ አለብህ።

በማግሥቱ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። የዋይፋዩን ቺፕ ስም ጻፍኩ። ስልኬን በኬብል ሰክቼ ኢንተርኔቱን አጋራሁት፤ ሊኑክስ ይህን እንደ ኬብል ኔትወርክ ወዲያው ይቀበለዋል። ከዚያ ድራይቨር ማኔጀርን ከፈትኩ። ቺፑን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስላልሆነ አብሮ አልተጫነም ነበር። መርጬ ጫንኩት፣ ዘግቼ ከፈትኩት፣ ዋይፋዩ መጣ። አንድ ለውጥ፣ አንድ ሙከራ፣ አንድ መስመር ማስታወሻ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ደንበኛ ስሠራ ደብተሩን ሳልይዝ አልጀምርም።

ፕሮግራም አመራረጥ ላይ እዚህና እናንተ ጋ አሜሪካ ልዩነት አለ። እዚህ ዳታ በፓኬጅ ነው የምንገዛው። ፍላትፓክ የሚባለው የፕሮግራም መጫኛ መንገድ ጥሩ ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ ከሲስተሙ ተለይቶ አዲስነቱን ጠብቆ ይመጣል። ነገር ግን የመጀመሪያውን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ስትጭን መደገፊያው አብሮ ይወርዳል፤ እሱ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው የሚንትን የራሱን ማከማቻ ነው። እዚያ ያለው ትንሽ የቆየ ቢሆንም አልጨነቅም። እዚያ ያጣሁትን ብቻ በፍላትፓክ እወስዳለሁ። ከየድረ ገጹ እያወረዱ መጫን ግን ለልጆቹ ከልክያለሁ። ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለኢንተርኔት ፋየርፎክስ፣ ለፊልም ቪኤልሲ። ለትምህርት ቤት ከዚህ የሚያልፍ አላስፈለጋቸውም።

ሁሉንም ሰው ወደ ሊኑክስ እንደማልጎትትም እወቅ። ሒሳቡን ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ነጋዴ ጎረቤት አለኝ። «የእኔንም ቀይርልኝ» ብሎ መጣ። ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ባለበት እንዲቆይ መከርኩት። የሰው እንጀራ ያለበት ኮምፒውተር የእኔ መሞከሪያ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እህትህ እንደነገረችኝ የቤትህን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ስላለህ ልትጥለው ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን እንዳበቃ አውቃለሁ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ማሽኑ ግን አልተበላሸም። እባክህ አትጣለው። ፎቶዎቹን መጀመሪያ ውጭ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ያዝ። ከዚያ ሚንትን ከፍላሽ አስነሳና ሳትጭነው አንድ ቀን ተጠቀምበት። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ሞክር። ክዳኑን ዘግተህ ክፈተውና በትክክል ይነቃ እንደሆነ እይ። ይህን ማንም አይሞክርም፤ በኋላ ግን በየቀኑ የሚያናድደው እሱ ነው።

ሁለቱን ሲስተም አብረህ ካስቀመጥክ ሰዓቱ ይዛባብሃል፤ እንዳትደነግጥ። አንድ መምህር ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ላይ ሲገባ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ እየቀረበት ቫይረስ ነው ብሎ አመጣልኝ። በፈረንጅና በእኛ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት እንዳይባል እሱ ስድስት ነው። ነገሩ ሌላ ነው። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ የጎደለው እሱ ነው። እናንተ ጋ ሜሪላንድ በዚህ ወቅት በአምስት ሰዓት ወደ ፊት ይሮጣል። ሊኑክስ የአገሩን ሰዓት እንዲይዝ የምታደርግ አንዲት ትእዛዝ አለች፤ ስትደርስበት እልክልሃለሁ።

አሁን ፎልደሩ።

ትዝ ይልሃል? 1994 ክረምት፣ የኮምፒውተር ኮርስ የጨረስን ጊዜ። እማማን ማታ ማታ ቡና ሲያፈሉ እየጠየቅክ የነገሩህን ትጽፍ ነበር። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ቦሩ ሜዳ፣ ስለ አባታቸው በቅሎ። ያ ጽሑፍ ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደዚህ ላፕቶፕ ተሻግሮ ኖሯል። 14 ገጽ ነው። ስከፍተው ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ነጥብ የተጫነባቸው ፊደሎች ተደበላልቀዋል።

አልተበላሸም። ያን ጊዜ እንጽፍበት የነበረው ሶፍትዌር የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀምጦ በፎንት፣ የፊደሉን ቅርጽ በያዘው ፋይል፣ ነበር የሚያሳየን። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየቋንቋው ፊደል የሚጋሩት የጋራ ሰንጠረዥ፣ ለፊደላችን የራሱን ቦታ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ እጅ የገባው ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው። ሊብሬኦፊስ ላይ የጎደለው ፎንት ስም በሰያፍ ይታያል። ስሙን አይቼ የሱቁን የድሮ ሲዲዎች አንድ በአንድ ፈተሽኩ። አገኘሁት። ግን ፊደላችን በአንድ ፎንት ስለማይበቃ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ፋይል ወጣ። ሁለተኛውን የሲዲው ጭረት በላው።

አንደኛውን ስጭነው የገጹ አብዛኛው ክፍል አማርኛ ሆነ። «እኔ የተወለድኩት በጥቢ ነው» የሚለው የእማማ ቃል ሲወጣ ሱቁን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

የቀረውን በእጄ ሠራሁት። አንድ የላቲን ምልክት ሁልጊዜ የሚቆመው ለአንድ ፊደል ነው። «ቡ» ታይቶኝ ቀጥሎ ምልክት ካለ፣ ጎኑ ደግሞ «ሲፈላ» የሚል ካለ፣ ምልክቱ «ና» ነው። ደብተሩ ላይ ሰንጠረዥ እየሞላሁ ዘጠኝ ማታ ፈጀብኝ። ሁሉንም በአዲስ ፋይል በዩኒኮድ መልሼ ጻፍኩት። ሚንት ላይ አይባስ የሚባለውን የጽሕፈት መንገድ ጭኛለሁ፤ ስልክ ላይ እንደምንጻጻፈው በላቲን ድምፅ ትመታለህ፣ ግዕዙ ይወጣል። ፎንቱ አቢሲኒካ ነው። በሁለት ዓይነት ፋይል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። በስልክህም፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል።

አንዲት ቃል ግን ቀርታለች። ገጽ 9 ላይ እማማ ውኃ ይቀዱበት ስለነበረው ምንጭ ይናገራሉ። የምንጩ ስም ሦስት ፊደል ነው። መጀመሪያው «አ»፣ መጨረሻው «ሬ»። መሃሉ ላይ ሁለት ነጥብ የተጫነባት የላቲን ፊደል ቆማለች። ያቺ ምልክት በ14ቱም ገጽ ሌላ ቦታ አልመጣችም። ስም ስለሆነም በትርጉም መገመት አልቻልኩም። እህትህን ጠየቅኳት፣ አታውቀውም። ያን ቀን እማማ ሲናገሩ የሰማህና በጣትህ የመታኸው አንተ ነህ።

ቦታውን ባዶ ትቼልሃለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ እናንተ ጋ እኩለ ቀን ይሆናል። ደውልልኝ።

ወንድምህ፣
ከደሴ