ከዛንዚባር መልስ ለጓደኛዬ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? የእናትሽ ጉልበት ተሻላቸው? ሐዋሳስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ አራት ኪሎ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡ ግን ከቤት አላስወጣ ብሎናል። መቼም ከጠፋፋን ቆየን። በበዓል በበዓል "እንኳን አደረሳችሁ" እንባባላለን እንጂ ወግ የሚባል ነገር ካወራን ሰነበትን። ባለፈው ስንደዋወል ያልሽኝን ግን አልረሳሁትም። "ከባሌ ጋር የምናወራው ስለ ልጆችና ስለ ወጪ ብቻ ሆነ" ብለሽኝ ነበር። ያኔ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጠፋኝ፤ እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ። ረዘም ቢል ታገሺኝ።

በሐምሌ እኔና ባለቤቴ ዛንዚባር፣ የታንዛኒያዋ ደሴት፣ ሄደን መጣን። ሁለታችን ብቻ፣ ልጆቹን እህቴ ዘንድ ትተን። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን ለትምህርት ቤት ክፍያና ለቤት ዕቃ ተበትኖ ያልቅ ነበር። ዘመድ ሁሉ "ወርቅ ግዢበት፣ ብር እንደሆነ ዋጋ እያጣ ነው" አለኝ። አልተሳሳቱም፣ በ2016 ሐምሌ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያየነውን አይተናል። ባለቤቴ ግን "ሰርጉ አለቀ፣ መልሱ አለቀ፣ በሳምንቱ ሁለታችንም ሥራ ገባን። ከዚያ ወዲህ መቼ አብረን ቁጭ አልን?" አለ። ብዙ የሚናገር ሰው እንዳልሆነ ታውቂዋለሽ። እሱ ይህን ሲል ወርቁም ዕቃውም ከልቤ ወጣ።

ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ስንነሳ ሹራብና ጃኬት ደርበን ነበር፤ እዚያ ስንወርድ ፀሐይና ደስ የሚል ነፋስ ተቀበለን። ትልቁ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው የሚወርደው፣ ሐምሌ ደረቅ ነው። የኛ ጭቃ የሚበረታበት ጊዜ ለእነሱ ምርጡ ወቅት ነው ማለት ነው።

የያዝነው ኦል ኢንክሉሲቭ የሚሉትን ዓይነት ሪዞርት ነው፣ በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል፣ ፓጄ የሚባል መንደር አካባቢ። ስትገቢ እጅሽ ላይ የላስቲክ አምባር ያስሩልሻል። ከዚያ ወዲያ ቦርሳ መክፈት የለም። ቁርሱ፣ ምሳው፣ እራቱ፣ ሻይ ቡናው፣ ጭማቂው፣ የአገሩ ቢራ፣ ሁሉም አስቀድሞ ተከፍሏል። ከውጭ የሚመጣ መጠጥ፣ ማሳጅና የጀልባ ጉዞ ብቻ ለብቻው ይከፈላል።

እስቲ አስቢው፣ ጠዋት ተነስቼ ለምሳ ምን ልሥራ የማልልበት ቀን! ውሃ መጣ? ጋዝ አለ? ለሰርቪሱ ተከፈለ? ልጁ የቤት ሥራውን ሠራ? አንዱም የለም። የመጀመሪያው ቀን ግን እንዳሰብኩት አልነበረም። እነዚህ ጥያቄዎች ሲወጡ በመካከላችን የሚወራ ነገር ጠፋ። ባሕሩ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን እሱ ሞገዱን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። "ደስ ይላል አይደል?" ይለኛል፣ "በጣም" እለዋለሁ፣ ከዚያ ዝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደነገጥኩ። አንድ ቤት ስናስተዳድር ኖረን እርስ በርስ መጫወት የረሳን መስሎኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጀመሪያ ያፍታታን ምግብ ነው። ረቡዕ ቀን ቡፌው ፊት ቆመን ሥጋውን፣ ቺዙን፣ ኬኩን እያለፍን ስንዞር አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ አየንና ጠጋ ብሎ ምን እንደጎደለ ጠየቀን። ጾም ላይ ነን፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አንበላም ብዬ ነገርኩት። ሙስሊም ነው፣ የደሴቲቱ ሰው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ፈገግ አለና "የእኛ ቤት ምግብ ይሆናችኋል" አለን። ለምሳ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ቦሎቄ፣ በኮኮናት የበሰለ ሩዝ፣ እንደ ቆስጣ የለሰለሰ ቅጠል አቀረበልን። ጣቴን እየላስኩ ነው የበላሁት። እንዴት ነው የምትሠሩት ስለው ከጓሮ ወስዶ አሳየኝ።

ዝቅ ያለች የእንጨት በርጩማ አለች፣ ከፊቷ ጫፉ ጥርስ ያለው ብረት ወጥቷል። በርጩማዋ ላይ ይቀመጥና ለሁለት የተከፈለውን ኮኮናት ብረቱ ላይ ያሽከረክረዋል፣ ነጩ እንደ በረዶ እየተፈረፈረ ከታች ሳህን ላይ ይወርዳል። ውሃ ጨምሮ ያሸዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ያጠለዋል። የመጀመሪያው ወፍራም ወተት ለብቻው ይቀመጣል። እንደገና ውሃ ጨምሮ ሲጨምቀው ቀጠን ያለው ይወጣል፣ ቦሎቄው የሚበስለው በዚህ በቀጭኑ ነው። ወፍራሙ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ይቋጠራል። እናቴ ለፍልሰታ ሱፍ ወቅጣ ስታጠል ዓይኔ ላይ መጣች። ባለቤቴም መጥቶ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ አንድ ኮኮናት ፈቀፈቀ። ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት ሲልጥ አይቼው የማላውቀው ሰው! ከቤት ይዤው የሄድኩትን ሚጥሚጣ ለወጥ ቤቱ ልጅ ሰጠሁት፣ ቀመሰና መመለስ የማይፈልግ ሰው አያያዝ ያዘው፣ እኔም ተውኩለት።

ደግሞ ሰዓታቸው! ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። ከፈረንጅ ጋር ሲያወሩ በፈረንጅ ይናገራሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን በኛው ነው። የወጥ ቤቱ ልጅም የእኛም አቆጣጠር እንደዚያ መሆኑን ሲያውቅ "ነገ በሁለት ሰዓት ኑ" ይለን ጀመር፣ እኛም በሁለት ሰዓት። ከአገሬ ወጥቼ እንደ ቤቴ የተሰማኝ ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚያ በምሥራቁ በኩል ባሕሩ ይሄዳል። ጠዋት ደጅሽ ድረስ የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ስትወጪ የለም፤ እርጥብ አሸዋ ብቻ ነው፣ ሞገዱ ርቆ ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ ላይ ሲሰበር እንደ ነጭ ክር ይታያል። በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ እየዘገየ ነው የሚሄደው። ብዙ እንግዶች በዚህ ይናደዳሉ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰው በሰሜን በኩል ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ቢሄድ ይሻለዋል። እኛ ግን ዋና የት እናውቃለን፣ ለኛ የሸሸው ባሕር ነው የጠቀመን። የጎማ ጫማ አድርገን፣ አሸዋው ላይ ጥቁር እሾሃም ነገር ስላለ ያለ ጫማ አይሞከርም፣ ከሪዞርቱ አጥር ወጥተን ወደ ውስጥ መሄድ ጀመርን።

እዚያ ሴቶቹን አገኘናቸው። ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። አጫጭር ካስማ በመስመር ተተክሏል፣ በካስማዎቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ የባሕር ሣር በትንንሹ ይታሰራል። ሲያድግ ይለቀምና መንደር ውስጥ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ተሽጦ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ከሣሩ የሚወጣው ነገር የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ማወፈሪያ ይሆናል። አንዷ እናት በአስጎብኚያችን በኩል እንደነገረችን ውሃው ሲሞቅ ሣሩ ይሞትባቸዋል፣ ዋጋ ያለው ዓይነት ደግሞ ሙቀቱን ጨርሶ አይችልም። ታዲያ ባሕሩ ከመመለሱ በፊት ማሰር አለባትና ከኛ ጋር እያወራች እጇ አላረፈም ነበር።

ባለቤቴ ረጅም ጊዜ ቆሞ አያት። ስንመለስ ነው መናገር የጀመረው። የፒያሳው ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ እናቱ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም እንደገቡ ታውቂያለሽ። እንዴት ነህ ሲሉት "ደህና ነኝ፣ ቤቱም አርጅቶ ነበር" እያለ ሲያልፍ እኔም የቀለለው መስሎኝ ኖሬአለሁ። ለካ ከዚያ ወዲህ በፒያሳ በኩል ማለፍ አቅቶት ወደ ሥራ ሲሄድ ዙሪያውን ነው የሚሄደው፤ ለካ እናቱ በጠዋት ጉሊት ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው ሽንኩርትና ቲማቲሙን ሲደረድሩ ያያቸው የነበረበትን ጥግ በሌሊት ያልመዋል፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እየተበተኑ እናቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና አፍልተው የሚጠሩት ሰው ማጣታቸው አንጀቱን ይበላዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እዚያ እርጥብ አሸዋ ላይ እየሄድን ነው። እኔም እጁን ይዤ ዝም ብዬ ሰማሁት። ከዚያ እኔም ጀመርኩ። የእኔን ሌላ ጊዜ በስልክ እነግርሻለሁ፣ በጽሑፍ አይሆንም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ወሬያችን አላልቅ እያለ እራት የሚነሳበት ሰዓት ያልፈን ነበር።

አንድ ቀን ስቶን ታውን ወረድን፣ አሮጌው ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ወግ ነውና ነጠላዬ ጠቀመኝ። በመንገዳችን የቅመም እርሻ አይተናል። ቅርንፉድ ዛፍ ላይ እያለ ቀላ ያለ እምቡጥ ነው፣ ሳይፈነዳ ተለቅሞ በፀሐይ ሲደርቅ ነው የምናውቀውን መልክ የሚይዘው። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መቀመጫውን ከሙስካት ወደዚያ አዛውሮ ነው በብዛት ያስተከለው፣ የሚለቅሙትም ባሪያዎች ነበሩ። የባሪያ ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፣ ቦታው ላይ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል። ከጎኑ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ የድንጋይ ሰዎች አሉ፣ አንገታቸው ላይ የእውነት ሰንሰለት ታስሯል። አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ሻይ ባፈላሁ ቁጥር የምጨምራት ቅርንፉድ ይህን ያህል ሰው አስለቅሳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያልወደድኩትንም ልንገርሽ። ምግብ ይደፋል። ሰው ሳህኑን ይከምርና ግማሹን ትቶ ይነሳል፣ ያልተነካ ሐብሐብ፣ ያልተነካ ዓሣ፣ ተሰብስቦ ሲሄድ ማየት ያማል። ደግሞ የመንደሩ ሰው ወደ ሪዞርቱ ወንበሮች እንዳይጠጋ ዘበኛ ቆሟል፤ ባሕሩ የእነሱ ሆኖ ሳለ ዶቃና ሻርፕ የሚሸጡት ልጆች ከገመድ ወዲያ ቆመው ነው የሚጣሩት። አንዳንዱ እንግዳ አምባሩን እንዳሰረ ከአጥሩ ሳይወጣ መጥቶ ይሄዳል፣ የተከፈለበት ስለሆነ ውጪ መብላት ብክነት ይመስለዋል። እኔ ዳግመኛ ብሄድ ቁርስና እራት ብቻ ያለበትን ነው የምይዘው፣ ምሳዬን መንደር ውስጥ እበላለሁ። ከሄዳችሁ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ደግሞ የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው፣ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር።

ግን እኮ ዛንዚባር የግድ አይደለም። እኛን የጠቀመን ሁለታችን ብቻ መሆናችን፣ እኔም ከምድጃ እሱም ከስልክ መራቃችን ነው። ላንጋኖ ቅርባችሁ ነው፣ ሁለት ሌሊት ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ዝምታ እንዳያስደነግጥሽ፣ ያልፋል። ባልሽ "ሥራ አለብኝ" ካለ ባለቤቴ ራሱ ይደውልለታል፣ ቃል ገብቶልኛል።

ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ሳይጠነክር ወይ ለመስቀል ሰሞን ላኪያቸው፣ ከልጆቼ ጋር ይጫወታሉ፣ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ፍራሽ አለ። ትንሿ የማትበላውን ነገር ብቻ ንገሪኝ። ባለቤትሽን ዛሬ ማታ አናግሪውና ቀኑን ቁረጪ፣ ነገ ከሥራ መልስ እደውልልሻለሁ።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የአንቺው፣
ከአራት ኪሎ