የት እንዳለሁ ልንገርሽ

ውድ ዘሀራ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሽ መቀየምሽን አውቃለሁ፤ ደግሞም ይገባሻል። ስልክሽን እያየሁ ያላነሳሁት ጠልቼሽ አይደለም። ሰላምታው ሳያልቅ «አሁን የት ነሽ?» እንደምትይኝ ስለማውቅ ነው። የምመልሰው አልነበረኝም።

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ተከራይቼ የኖርኩባት ቤት ተሸጠች። በሃያ ቀን ልቀቂ ተባልኩ። የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ይላል፤ የእኔ ውል ግን «አንቺ እኮ ልጄ ነሽ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። አልጋዬ አክስቴ ዘንድ፣ ድስትና ሰሃኑ ሮቢት አንዲት ወዳጄ ዘንድ ተበተነ። እኔም እንደ ዕቃዬ በሦስት ቤት ተራ በተራ ተቀመጥኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሌሊት ሳል ሲይዘኝ ግን አፌን በጋቢ አፍን ነበር።

በ2013 ማብቂያ ከራያና ከቆቦ የተፈናቀሉት ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሰፍሩ እንጀራ ይዘን የሄድንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ከክፍሉ ጥግ የነበረችው እናት በምንጣፏ ዙሪያ በጠመኔ መስመር አስምራ፣ ልጇን ከመስመሩ ሳያልፍ ጫማውን ታስወልቀው ነበር። እኔና አንቺ ተያይተን ፈገግ አልን። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ጥቅምት 2014 ሲያልቅ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። በሐረጎ ቁልቁል ስንወርድ ያለቀስነውን አልደግመውም። ብቻ አንድ ነገር ገርሞኛል፦ ያኔ ስንሸሽ እንኳ ቤት ነበረኝ። ይዘረፍ ይቃጠል አላውቅም፤ ግን ልመለስበት የምችል ደጃፍ በሐሳቤ ነበር። ኋላ በሰላሙ ጊዜ፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ውስጥ ነው ያጣሁት። ፒያሳ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ከሚያድሩት ጋር ራሴን አላወዳድርም፤ ለእኔ ፍራሽና ትኩስ ሾርባ ነበረልኝ። ለእነሱ «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ግን አንድ ሌሊት በጥቅምት የጦሳ ተራራ ንፋስ ቢያድር ኖሮ ጎዳና ማንንም እንደማያስተዳድር ያውቅ ነበር።

የእኔ ማጣት ትንሽ ነበር፤ ሰው «ግቡ» ማለት አለመቻል። የሰው ቡና እየጠጡ ብድር አለመመለስ። ይህ ለወሎ ሴት ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። አንዲት ክፍል፣ ሊሾ ወለል፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፤ ዝናብ ሲጥል ሬዲዮ መስማት አይቻልም። ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወርጄ፣ ጋቢዬን ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የፈረምኩት። ጎረቤቶቼ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ አራት ልጆች ናቸው፤ አራቱም በአንድ ክፍል፣ ሁለቱ ከፈረቃ ሲመለሱ ሁለቱ ይወጣሉ። ገና በገባሁ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘው መጡና ከደጅ ሆነው «ቤት ለእምቦሳ!» አሉኝ። ታምኛለሽ? መልሱ ጠፋኝ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ትንሿ ናት ሳቋ ያመለጣት፤ «እምቦሳ እሰሩ በይ እንጂ!» አለችኝ። አልኩ፤ ከዚያ ወደ ምድጃው ዞሬ ጭሱ እንደሆነ አስመሰልኩ። ምድጃው አልተለኮሰም ነበር።

ለአረፋ ከአዳማ ወደ ደሴ መምጣትሽ አይቀርም። ደሴ ሳትደርሺ እዚሁ ውረጂና ደውዪልኝ፤ መናኸሪያ እቀበልሻለሁ። ጫማሽን ደጃፍ ላይ ታወልቂያለሽ፤ እንዳትስቂብኝ። ሲኒ ስድስት አለኝ፣ ጀበናም ገዝቻለሁ፤ ረከቦት ግን ገና ነው። የእናትሽን አሮጌውን ረከቦት ለሌላ ሰው ካልሰጡት ለምኚልኝ።

ያንቺው
ስንዱ